ባለቤት የሌለው ብረት

ሞፈር ዘግይቷል።

ስመኝ የሩዝ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚለያዩበትን አደባባይ ትቃኛለች። ባጃጅ፣ የጭነት መኪና፣ የገበያ ሰው። የወረታ ከተማ ሰው ሩዝ ነጋዴዋ ስመኝ ብሎ ያውቃታል። የስለላ መሥሪያ ቤቷ «ማጭድ» ይላታል፤ የምትጠብቀውን ሰው ደግሞ «ሞፈር»። በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ሰው ካጣች ቆይታለች።

ከፊት ለፊቷ ቀጥቃጩ ማረው ማረሻ ደርድሮ ተቀምጧል። እግሩ ሥር ሁለት ተመሳሳይ ከረጢት አለ። በአንዱ ማረሻ ብቻ ነው ያለው። በሌላው፣ ከማረሻዎቹ መሐል፣ ከሰማይ የወደቀ ብረት ተሸጉጧል።

ብረቱ ክረምት ላይ ሩዝ ማሳ ውስጥ ተሰክቶ ነው የተገኘው። ገበሬው ፈርቶ ሸሸው። ማረው ግን ብረት አይፈራም፤ ተሸክሞ ቤቱ አስገባው። ከማረው ቤት ደግሞ ደፍሮ የሚገባ የለም። ቡዳ ነው ይሉታላ! ማረሻውን ይገዙታል፣ እንጀራውን አይቀምሱለትም። ስመኝ ብረቱን ፍለጋ ገብታ ቀመሰችለት። ለሥራ ብላ የጀመረችው ነገር ፍቅር ሆኖ አረፈው።

«ይኸ ብረት የማን ነው?» ብሏት ነበር አንድ ቀን።

«የኔ ነው ያለ አገር የለም። አንዱ አገር ጨረቃ ላይ ለሚሠራው ሰፈር ዘብ እንዲሆን የላከው መሣሪያ ስባሪ ነው። ሕጉ ጨረቃ የማንም ርስት አይደለችም፣ መሣሪያም አይተከልባትም ይላል። ወደ ሰማይ የወጣ ዕቃ ሁሉ ባለቤት አለው፤ ያወጣው አገር ይጠየቅበታል። ላዩ ላይ የተቀረጸውን ምልክት አይተኸዋል? እሱ ነው ባለቤቱን የሚያጋልጠው።»

«ዳኛውሳ ማን ነው?»

ስመኝ ብረቱን ገልብጣ አየችው።

«ዳኛ የሌለው ሕግማ ማረሻ የሌለው ሞፈር ነው። ይጎተታል እንጂ አያርስም።» ከዚያ ሳቅ አለ። «ለብረቱ ባለቤት ተገኘ አልተገኘ፣ እኔ አግኝቻለሁ። ባለቤቴ አንቺ ነሽ።»

በአደጋ ምልክት የተስማሙትም ያን ቀን ነው። «አደጋ ካለ አንቱ እልሃለሁ» አለችው። እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «በፎገራ ምድር ቀጥቃጭን አንቱ የሚል የለም። አልስተውም።»

የጭነት መኪና ቆመ። ሞፈር ወረደ። አለቃዋ ነው፤ ሥራውን ያስተማራት፣ ነፍሷን አደራ የሰጠችው ሰው።

«ሩዙ የዘንድሮ ነው?»

«የአምናው አልቋል።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ብረቱን እንዲሰጥ ማረውን ልትጠቅሰው ስትል ሞፈር ጎንበስ አለ።

«ቶሎ በሉ። ባለቤቶቹ እየጠበቁ ነው።»

ባለቤቶቹ።

የኔ ነው ያለ አገር የለም። ታዲያ እሱ ባለቤቶቹን የት አገኛቸው? ሸጧቸዋል። ብረቱን፣ እሷን፣ ማረውን። ፊቷ ግን ሩዝ እንደምትሸጥ ሴት ነበር።

«አንቱ ማረው፣ ዕቃውን ለሰውየው ይስጡ።»

የማረው እጅ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ማረሻ ብቻ ያለበትን ከረጢት አንስቶ ሰጠ። ሞፈር አንጠልጥሎ ወደ መኪናው አመራ። ስመኝ ሌላውን ከሩዟ ጋር ባጃጅ ላይ ጫነች፤ ራሷም ወጣች።

ሞፈር ቆመ።

ዞረ።

«ቀጥቃጭ ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የሚባለው?»

እሱም የዚያው አገር ልጅ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ባላስተዋለው። ምስኪኑ ማረው በዕድሜው አንድ ቀን ቢከበር ክብሩ አጋለጠው።

የሞፈር እጅ ወደ ጃኬቱ ውስጥ ገባ። ሽጉጡ ብቅ ሲል ማረው መዶሻ በለመደ ክንዱ አንቆ ያዘው። ስመኝ ከባጃጁ ዘላ ወረደች። ማረው አያትና ጮኸ።

«ሴትዮ፣ ሩዝሽን ይዘሽ ሂጅ! ምኔ ነሽ? አላውቅሽም!»

ተኩስ።

ማረው በማረሻዎቹ ላይ ወደቀ። ገበያተኛው ሞፈርን ተረባርቦ ያዘውና ሽጉጡን ነጠቀው። ወደ ማረው ግን የቀረበ የለም። ሰዉ ከሩቅ ከቦ ከንፈሩን ይመጣል። ማረው ሞቶም ይፈራል።

ፖሊስ ደረሰ። አጎንብሶ አየውና ቀና አለ።

«ባለቤት አለው?»

ስመኝ አፏን ከፈተች። «እኔ ነኝ» ብትል ከረጢቱ ይፈተሻል። የሞፈር እጅ ደግሞ የት የት እንደደረሰ አታውቅም። ብረቱ ከጠፋ ማረው ለከንቱ ሞተ ማለት ነው።

«ባለቤት የለውም ወይ?»

ባጃጁ ላይ ወጣች። «ንዳው» አለችው ሾፌሩን።

ብረቱ ከሞፈር በላይ ካለው ሰው እጅ ገባ፤ ከመንግሥታት ስብሰባም ቀረበ። ምልክቱ ሲነበብ አንድ አገር መካድ አቃተው። «ብረቱ የኛ ነው፤ ነገር ግን የሰፈራችን ጠባቂ እንጂ መሣሪያ አይደለም» አለ። ሕጉ ይከለክላል፣ አይከለክልም ተባለ። ክርክሩ በቀጠሮ ተላለፈ። ማረው የጠየቀው ዳኛ እስካሁን አልመጣም።

ቢሆንም ብረቱ ባለቤት አገኘ።

ስመኝ ይህን በሬዲዮ የሰማችው በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ቤት ልትከራይ ከአንዲት ባልቴት ግቢ ቆማ ነው። ባልቴቷ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ባለቤት አለሽ፣ ልጄ?»

ስመኝ የኪራዩን ገንዘብ ከመቀነቷ ፈታች።

«የለኝም፣ እማማ።»

ማረውን ለሁለተኛ ጊዜ ካደችው።