የታችኛው መደርደሪያ ዋጋ

ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቁ ውስጥ ፊሊሞን ሞቶ ተገኘ። ከአጠገቡ መሰላል ወድቋል፤ ጭንቅላቱ ከኋላ ተሰንጥቋል። ጠዋት ሱቁን ከፍታ ያየችው ሻጯ ቦንቱ ነበረች። ፖሊስ ሳይደርስ ሰፈሩ «ከመሰላል ወድቆ ነው» ብሎ ፈርዶ ጨርሷል፤ ሰፈር ለመፍረድ መች ማስረጃ ይፈልጋል።

ኢንስፔክተር ሙሉእመቤት አስከሬኑን አይታ ስታበቃ ዓይኗን መደርደሪያው ላይ ጣለች። ባለ ሰባት ኢንች ታብሌቶች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። በየካርቶኑ ላይ በእጅ የተጻፈ የዋጋ ወረቀት አለ፤ ሁሉም አሥራ አራት ሺህ ብር ይላል። የላይኞቹ ወረቀቶች አቧራ ለብሰዋል፤ የታችኞቹ ሁለት ረድፎች ግን ገና አዲስ ናቸው። ዋጋው ካልተለወጠ ወረቀቱ ለምን ተለወጠ?

ቦንቱን ጠየቀቻት።

«ትናንት ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ብለሽ ጻፊ አለኝ። የታቹን ሁለት ረድፍ ለጥፌ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ።»

«ለምን ቀነሰ?»

«ስልኩ ራሱ እየሰፋ ታብሌት ሊያክል ነው። ተማሪው ትንሿን ምን ያደርግላታል? በስድስት ወር አርባ እንኳ አልሸጥንም። ጭራሽ የሚያነሳት ሳይጠፋ እንልቀቃት አለ።»

ለቦንቱ ቅናሹ ሲሳይ ነበር፤ የምትከፈለው በሸጠችው ልክ ነው። የሟች ሚስት ሰምሀልም ባሏን ቀንስ እያለች ስትወተውተው ከርማለች። የከፋው ለሸሪኩ ለስብሐት ነው። ሦስት መቶዎቹ ታብሌቶች የመጡት የእናቱን የሸጎሌ ቤት አስይዞ በተበደረው ገንዘብ ነበር። በዚህ ዋጋ ከተሸጡ ቤቱ ይሄዳል፤ አሮጊቷም ሜዳ ላይ ትወድቃለች። ስብሐት ይህን አልሸሸገም። ግን ያን ዕለት ሸጎሌ እንደዋለ፣ ሱቁን ከረገጠም ሳምንት እንዳለፈው ማለ። ነጋዴ መሐላ አይቸግረውም።

በሠልስቱ ማግስት ሙሉእመቤት ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ፊሊሞን መሰላል አልወጣም» አለች። «የላይኞቹ ወረቀቶች አቧራቸው እንኳ አልተነካም። መሰላሉን ያጋደመው ሌላ ሰው ነው። ያው ሰው ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶውን ልጦ የድሮውን ዋጋ መልሶ ለጠፈ፤ የጠቡን ምክንያት ለመደበቅ። ሌባ ዕቃ ይወስዳል እንጂ ዋጋ አያስተካክልም። ቦንቱና ሰምሀል ቅናሹን ይፈልጉት ነበር።»

ወደ ስብሐት ዞረች።

«ወረቀት ሲለጠፍ ጣት ሙጫውን ይነካል፣ አቶ ስብሐት። ሱቁን ለሳምንት ካልረገጡ፣ አዲሶቹ ወረቀቶች ጀርባ ላይ አሻራዎ ምን ይሠራል?»

ስብሐት በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ለመካድ እንኳ አልሞከረም።

«ለመንኩት። እንቢ ሲለኝ ገፋሁት... የመደርደሪያው ብረት ጠርዝ መታው። ማለቴ... እናቴን የት ላድርጋት?»

ነጠላዋን ዘቅዝቃ የለበሰችው ሰምሀል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነበር።

«ኪሳራውን ከእኛ ድርሻ ልናደርገው ተስማምተን ነበር። የአንተ ብድር ሙሉውን ይከፈል ነበር። ቤቱን ማንም አይነካውም። አልነገረህም?»



«ቁጭ በል፣ አንድ ነገር ልንገርህ ብሎኝ ነበር» አለ ስብሐት። «አላስጨረስኩትም።»