ውጭ ልውጣ

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ ልጠይቅህ፤ ሻምበል እንዴት ይወለዳል? ጎራዴውን እንደታጠቀ ከሰማይ ዱብ የሚል ይመስልሃል?

ታላቁ ዘመቻ ባበቃበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ጦሩ በመለከትና በነጋሪት ታጅቦ ወደ ከተማይቱ ይገባ ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል ጸሐፊም በአደባባዩ ድንኳን ተተክሎለት የፈረሶቹን ጌጥ ሳይቀር ይጽፋል፤ ከአደባባዩ ፊት ለፊት ባለው ፎቅ ቤት ግን የአንዱ ሻምበል ሚስት፣ ቤተ ዘመዱ ገና «ሙሽሪት» የሚላት፣ የመጀመሪያ ምጧ ይዟት፣ ከሞት ይልቅ አንሶላውን ትፈራ ነበር።

አንሶላው የአማቷ ነው፤ ነጭ፣ ዳር ዳሩ በእጅ የተጠለፈ። ሴት ስታምጥ የሚወጣው ልጅ ብቻ አይደለም ብላ አንዲት ጎረቤት በሳቅ ጣል ያደረገችው ወሬ ለወራት እንቅልፍ ነሥቷታል። ማንን ትጠይቅ? እናቷ ሞታለች፤ ባሏ ዘምቷል፤ አማቷ ፊት እንኳን ይህን ማንሳት ማስነጠስም ያሳፍራል። ስለዚህ «ሆዴ ባዶ ይሁን» ብላ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ አሁን ጉልበቷ ከዳት። ምጡ በገፋት ቁጥር ጥርሷን ነክሳ ወደ ውስጥ ትይዛለች።

«አምጪ እንጂ!» ጮኸች አዋላጇ። «ልጁን ልታፍኚው ነው?»

«ውጭ... ውጭ ልውጣ» አለች ሙሽሪት በሹክሹክታ።

አዋላጇ ወደ መለከቱ ድምፅ አገጯን ቀሰረች። «ሰልፉን ልታዪ? ባልሽ እንደሆነ የትም አይሄድብሽም! ተኚ!»

«ሰልፉን አይደለም... ውጭ...» እንባዋ ወረደ፤ ጭኖቿን ገጠመች።

በመስኮቱ ልጃቸውን ሲፈልጉ የነበሩት አማቷ ዘወር አሉ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ነጋሪቱ ጆሮሽ ውስጥ ገባ? ውጭ ልቀመጥ ማለቷ ነው እንጂ!» ወደ ምራታቸው ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ አንቆ የያዘሽ ይኸው ነው?»

«ይማሩኝ እማማ፤ አንሶላዎን...»

«አንሶላ ይታጠባል። ያ ታች በፈረስ የሚንጎራደደው ልጄ እንዴት የወጣ ይመስልሻል? ከነሙሉ አጀቡ ነው የወጣው!»

ሙሽሪት በእንባዋ መካከል ሳቀች፤ ሳቁም ጭኖቿን ፈታ። የፈራችው ሁሉ ሆነ፤ ሕፃኒቱም ተከትላ ወጣች፤ ነገር ግን ጠቁራ፣ ሳትተነፍስ። አማቲቱ የአንሶላውን ንጹሕ ጫፍ ከነጥልፉ ቀደው ደረቷን አሿት፤ ጀርባዋን አሿት፤ ታች ነጋሪቱ ይደልቃል፤ ደግመው አሿት፤ ያን ጊዜ አለቀሰች።

ጸሐፊው «የሻምበሉ ሚስትም በሰላም ተገላገለች» ብሎ አለፈ፤ የፈረሶቹ ጌጥ ግን ገጹን ሞልቶታል። በሰላም? በነውራችሁ ታፍነው የቀሩትንስ ማን ጻፋቸው? እናንተ የታሪክ ሊቃውንት፣ ከመካከላችሁ ያለ አጀብ የተወለደ ካለ፣ አደባባይ ይውጣና ይመስክር!