ሠላሳ አንደኛው ናሙና

ሪሃና ከመዝገቡ የወጣውን ናሙና ያየችው ሰኞ ዕለት፣ ሽማግሌ ሊላክባት አራት ቀን ሲቀር ነበር።

ዘመኑ 2009 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ባለ አንድ ላብራቶሪ ውስጥ፣ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር ካለባቸው ሴቶች በተወሰደ ሥጋ ላይ ጥቃቅን አር.ኤን.ኤዎችን ትለካለች። እነዚህ ሞለኪውሎች ፕሮቲን አይሠሩም፤ ሌሎች ጂኖችን ዝም ያሰኛሉ። አንዳንዶቹ ሲበዙ የሴሎችን እድገት የሚገታው ጂን ዝም ይላል፤ ዕጢው ያድጋል።

ናሙናዎቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። የስም ዝርዝሩ የሚቆለፈው በዶክተር ዐብዱልከሪም መሳቢያ ውስጥ ነው። ሽማግሌ የሚልክባትም እሱ ነው።

የሠላሳ አንድ ቁጥር ልኬት ከሁሉም ከፍ ያለ ነበር። ሪሃና ሦስት ጊዜ ለክታ ሦስት ጊዜ ተደስታበታለች። አሁን በመስመሩ ላይ «ወጥቷል» የሚል ቃልና የእሱ ፊርማ ብቻ አለ።

ጠየቀችው። ዐይኑን ከማይክሮስኮፑ አላነሳም።

«ታማሚዋ ከጥናቱ ወጥታለች።»

«ምነው ታዲያ ምክንያቱ አልተጻፈም?»

«ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ፣ ሪሁ።»

ከዚያ ወዲያ ሁሉን ነገር ታስተውል ጀመር። ስልክ ሲደወልለት ወደ ኮሪደር ይወጣል። ስትገባ መሳቢያውን ይዘጋል። የእናቷን ደህንነት ደጋግሞ ሲጠይቃት እንኳ ወሬ ማስቀየሻ መሰላት። የማይጥመውን ውጤት የሚሰርዝ ሰው ትዳር ውስጥ ምን ሊሰርዝብኝ ነው አለች። ረቡዕ፣ ሽማግሌዎቹ እንዳይመጡ ላከችበት።

ምክንያቷን ስትነግራቸው እናቷ ሃጂራ የሚያጥፉትን ነጠላ አስቀመጡ።

«የለካሽው የእኔን ሥጋ ነው» አሉ። «ያስወጣሁትም እኔ ነኝ።»

እንፍራንዝ ከተማ እህቴ ጋ ሰነበትኩ ያሉትን ሁለት ሳምንት ለካስ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ዕጢው ቀድሞ ስለተገኘ ወጥቶላቸዋል። ሥጋቸው ልጃቸው እጅ መግባቱን ሲሰሙ ግን እኔን ላስታምም ብላ ሠርጉን ታቆመዋለች ብለው ፈሩ፤ ዶክተሩን በአላህ አስማሉት።

«ኒካሁ ሲያልቅ ልነግርሽ ነበር። ምነው ልጄ፣ ትምህርቱ ሰው መጠርጠር ብቻ ነው ያስተማረሽ?»

ሪሃና እጃቸውን ያዘች። ሦስቴ የተደሰተችው በእናቷ በሽታ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ዐብዱልከሪምን ደረጃው ላይ ጠበቀችው። ያወቀችውን ነገረችው።

«እናቴ ባትነግረኝስ?»

«ዝም እል ነበር።»

«ሌላ ባገባስ?»

«ያኔም» አላት። ዐይኑን ከእሷ አላነሳም።

ሪሃና አተኩራ አየችው። ይህን ያህል ዝም ማለት የሚችል ሰው ያስፈራል። አደራ በላ ግን አይደለም።

«ነገ አባቴ ከጁምዓ በኋላ ሱቅ አይከፍትም፤ ቤት ነው የሚውለው» አለችው። «ሽማግሌዎቹ ይወቁት።»