የማርሚታ ሠሪው ፍትሐት

ገሰሰ የሚቀበረው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ያለ ፍትሐት። ኢንስፔክተር ብርኽቲ ገርጂ፣ ከኢምፔሪያል ሆቴል ጀርባ ካለው ጋራዡ ስትደርስ አራት ሰዓት አልፏል። ከጋራዡ ጎን ድንኳን ተተክሏል። ዕድርተኛው ወንበር ይደረድራል፤ ሐሜተኛው ግን ወንበሩን ሳይጠብቅ ሥራውን ጀምሯል። የመኪና ማርሚታ ሠሪው ገሰሰ ራሱን ገደለ ይባላል።

ሚስቱ ሃረገወይን ከድንኳኑ ወጥታ የብርኽቲን እጅ ያዘችና አለቅም አለች።

«ትናንት የመጡት ፖሊሶችዎ አሥር ደቂቃ አልቆዩም። አዩ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። መምሬ ፀጋዘአብም ያንን ሰምተው “ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም” አሉኝ። የሃያ ዓመት ባሌን ዝም ብዬ አፈር ላልብሰው ነው?»

«የሐኪሙ ውጤትስ?»

«ሳምንት ይፈጃል ተባልኩ። ሬሳ ሳምንት ይጠብቃል?»

ብርኽቲ ሰዓቷን አየች። ወንበር ቢያቀርቡላት ዞረችው እንጂ አልተቀመጠችበትም። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ሁሉ ዕድሜ ነገር ሳያልቅ መቀመጥ ሆኖላት አያውቅም።

«እስቲ ንገሪኝ፣ እኅቴ። ሰው ራሱን ገደለ ሲባል ሁሉም ያመነው ለምንድን ነው?»

ሃረገወይን ዓይኗ ደርቋል፤ አላለቀሰችም።

«ባለፈው ሳምንት ከየካ አባዶ የሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ጭስ ገብቶ ሦስት ተሳፋሪ ራሱን ሳተ። አንዷ ዳናይት ናት፣ የእኅቴ ልጅ። ዛሬም ሆስፒታል ተኝታለች። የዚያን ሚኒባስ ማርሚታ ቆርጦ ያወጣው ገሰሰ ነው። ቤንዚን ይቆጥባል እያሉ ያስቆርጡታል። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበረውም።»

«ጸጸት ገደለው ነው የሚሉት።»

«ጸጸት የሚገድለው ሰው “ረቡዕ ጠዋት ሄጄ ሁሉንም እናገራለሁ” ይላል? ለኔ ነገረኝ። ለበያጁ ለዑቕባይ፣ ለደንበኛው ለያፌት፣ ተሽከርካሪ ለሚመረምረው ለተወልደብርሃንም ነገራቸው። ለሌላ ትንፍሽ አላለም። ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከየካ አባዶ፣ ከእኅቴ ቤት ስደውልለት፣ “ስለ ነገው ጉዳይ ሊያነጋግረኝ የመጣ ሰው አለ፤ ቆይቼ እደውላለሁ” አለኝ። አልደወለም።»

«ማን ነው አላልሽውም?»

«አላልኩትም። እሳት ይብላኝ፣ አላልኩትም።»

ብርኽቲ ጋራዡ ውስጥ ገባች። ግድግዳው ላይ የሞተር ድምፅ የሚያፍኑት ኦርጅናል ማርሚታዎች የባለቤታቸው ስም በጠመኔ ተጽፎባቸው ተሰቅለዋል። የምርመራ ሰሞን ይገጠማሉ፤ ቦሎው መስታወቱ ላይ በተለጠፈ ማግስት ይወልቃሉ። አገር ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሲጠይቁት ግን የሚያውቅ የለም።

የያፌት ኮሮላ መሀል ላይ ቆሟል። ዑቕባይ ትናንት ጠዋት በሩን ሲከፍት ገሰሰ መሪው ላይ ተደፍቶ ነበር። ከኋላው ቱቦ የውሃ ጎማ ተሰክቶ፣ ዙሪያው በጨርቅ ተጠቅጥቆ፣ ጫፉ በመስኮት ገብቷል። ሞተሩ ቤንዚን ጨርሶ ጠፍቷል፤ ጎረቤቱ የጋራዥ ጩኸት ስለለመደ ማንም አልጠየቀም። የሟች ማጅራት አብጦ ነበር፤ የትናንቶቹ «ሲንፈራገጥ ተመትቶ ነው» ብለው አለፉት።

ብርኽቲ ጎማውን ነቅላ ጣቷን ከተተችበት። ጣቷ እንደገባ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ዙሪያውን ዞረች። የሹፌሩ በር ሥር ያለው ሲሚንቶ በጥቀርሻ ጠቁሯል። የደንብ ልብሷን ሳትሰስት መሬት ላይ ተጋደመችና ራሷን ከመኪናው ሥር አስገባች። ስትነሳ ጉንጯ ጥቁር ሆኗል።

ዑቕባይ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ስድሳን ያለፈ፣ እጁ በእሳት የተጠባበሰ ሰው ነው።

«ማክሰኞ ስንት ሰዓት ወጡ?»

«አሥራ አንድ ተኩል፣ ልጄ። ብቻውን ነበር።»

«ቢናገር እርስዎም ይታሰሩ ነበር።»

«እታሰር ነበር። ተጣልተናል፤ አልዋሽም። ሽማግሌ ሆኜ ልታሳስረኝ ነው ወይ ብዬ ጮኼበታለሁ።»

«ይህን መኪና ማን በየደው?»

«ገሰሰ ቆረጠ፣ እኔ በየድኩ። ያ ወመኔ ደግሞ አናታችን ላይ ቆሞ፣ “ገና ነው፣ ገና ነው፣ ድምፁን ጨምሩበት” ይላል።»

ወመኔው ያፌት ደጅ ላይ ስልኩን ይነካካል።

«እማ፣ ማክሰኞ ሩዋንዳ ሰፈር ጓደኞቼ ጋ ነበርኩ። ገሰሰን መኪናዬን ስጠኝ ብለው “ኦርጅናሉን ካልገጠምኩበት አትወስዳትም” አለኝ።»

«ተናደድክ?»

«ተናደድኩ እንጂ! ሳውንዱ እኮ ያለቀለት ነው። ከሩዋንዳ ስነሳ እዚህ ይሰማል።»

«ይሰማል። ለአራስም፣ ለበሽተኛም ይሰማል። እንዲህ እያገሣ ቦሎ እንዴት አገኘ?»

ያፌት መሬት መሬት አየ። «ያኔም እንዲሁ ነበረች። እሱን ተወልደብርሃንን ይጠይቁት።»

ተወልደብርሃን ድንኳኑ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ነው፤ ከዘመድ ሁሉ የሱ ለቅሶ ይበልጣል። የአንድ የግል ተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ቴክኒሻን ነው። ብርኽቲ ወደ ጥግ ጠራችው።

«ኮሮላውን ያሳለፉት እርስዎ ነዎት?»

«ራሴ ነኝ። ጉድጓዱ ላይ አስቁሜ፣ ከሥሩ ገብቼ አይቼዋለሁ። ጭሱንም ለክቻለሁ፤ ንጹሕ ነው። እኔ ሳላይ አልፈርምም።»

«ገሰሰ ሊናገር እንደነበር ሰምተዋል?»

«ይናገር! እኔ ምን አለብኝ? ወረቀቴ የተስተካከለ ነው። ማክሰኞም ከሥራ ወደ ቤቴ ነው የሄድኩት።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን። ብቻ መሄድ ወንጀል ሆነ?» አለና መሐረቡን ዓይኑ ላይ መለሰ።

ሰባት ተኩል ሆነ። ብርኽቲ መምሬ ፀጋዘአብን ከቤተ ክርስቲያን አስመጣቻቸው። ከዚያ ሃረገወይንን፣ ዑቕባይን፣ ያፌትንና ተወልደብርሃንን ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበች። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ጊዜ የለንም» አሉ መምሬ። «የተወሰነ ነገር ነው።»

«የወሰነው ማነው፣ አባቴ? ይህን ብቻ አይተው ይሂዱ። ያፌት፣ ቤንዚን ጨምርበት። አቶ ተወልደብርሃን፣ ጭሱን የለኩት የት ጋ እንደሆነ ለአባታችን ያሳዩልን።»

ተወልደብርሃን ሱሪውን ከፍ አድርጎ ወደ መኪናው ጀርባ ሄደና ቱቦውን አመለከተ። «እዚህ ነው እንጂ የት ይሆናል?»

«እጅዎን አፉ ላይ ያድርጉ። ያፌት፣ አስነሳ።»

መኪናው አገሣ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ድንኳን ውስጥ ያሉት ብድግ ብድግ አሉ። ጭሱ ከሹፌሩ በር ሥር ተምዘግዝጎ የመምሬን ቀሚስ ጫፍ አራገበው። ከኋላው ቱቦ ግን ምንም አልወጣም። ተወልደብርሃን እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

«አጥፋው» አለች ብርኽቲ። «የኋላው ቱቦ የውሸት ነው። ትራፊክ ሲያየው ደህና መኪና እንዲመስለው ለዓይን የተተወ፤ ውስጡ በብረት ተደፍኗል። ስለዚህ ጎማው ጭስ አላየም። ገሰሰ በሱ አልሞተም።»

«ራሱ ሰክቶት ቢሆንስ?» አሉ መምሬ።

«የደፈነው ማን ሆነና፣ አባቴ? እሱ ራሱ ከዑቕባይ ጋር ነው የደፈነው። ሰው ሊሞትበት የፈለገውን ጎማ በገዛ እጁ በደፈነው ቱቦ ላይ ይሰካል?»

«ጭሱ ቤቱን ሞልቶትስ?»

«ቀና ብለው ይዩ።» ግድግዳውና ጣሪያው መካከል ክንድ የሚያህል ክፍት አለ፤ ሰማይ ይታያል። «የገደለው ጭስ አይደለም፤ ማጅራቱ ላይ ያረፈው ነገር ነው። ከዚያ ሌላ ሰው መኪናው ውስጥ አስቀምጦ ጎማ ሰካለት። ማክሰኞ ስለ ነገው ሊያነጋግረው የመጣ ሰው ነበር። ስለ ነገው የሚያውቁት አራት ናቸው። ሚስቱ የካ አባዶ ነበረች፤ እኅቷን ደውዬ ጠይቄአለሁ። ሦስት ቀሩ። ዑቕባይ ቱቦውን በይዶታል። ያፌት ቆሞ አሠርቶታል። ሁለቱ ቢገድሉት እንኳ ጎማውን እዚያ አይሰኩም፤ ቱቦው ድፍን መሆኑን ያውቃሉ።»

ዞር ብላ ተወልደብርሃንን አየችው። እስካሁን ያከበረችበት አንደበት ተለወጠ።

«ከሥሩ ብትገባ ኖሮ አንተም ታውቅ ነበር። መኪናውን በዓይንህ አላየኸውም። ወረቀት ላኩልህ፣ ፈረምክ፣ መለስክ።»

«አይቼዋለሁ! አይቼ… ዘንግቼው ነው እንጂ…»

«ካየኸው አሁን ጭሱን የለካሁት እዚህ ነው ብለህ ለምን ያንን ቱቦ አመለከትክ? ማክሰኞም እንደዚሁ ነው ያደረግከው። ሞተሩን ስታስነሳው አገሣ፤ ጎንበስ ብለህ ከየት እንደሚወጣ እንኳ አላየህም። ደንግጠህ ሮጥክ። የሚኒባሱንስ ወረቀት የፈረመው ማነው?»

ተወልደብርሃን ጎማ ክምር ላይ ተቀመጠ። የጠዋቱ ለቅሶ ጠፋ፤ አሁን የመጣበት ድምፅ የሌለው ነው።

«ለመንኩት። የኔን ስም ተወው፣ ልጆች አሉኝ አልኩት። አልተውም አለ። ገፋሁት እንጂ… ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ ወደቀ። ልገድለው አልመጣሁም።»

«ዳናይትም ልጅ ናት» አለች ሃረገወይን።

ፖሊሶቹ አንስተው ወሰዱት። በድንኳኑ አጠገብ ሲያልፍ ጠዋት ሲያባብሉት የነበሩት መንገድ ለቀቁለት።

ስምንት ሰዓት ተኩል። መምሬ ፀጋዘአብ ጢማቸውን እየዳሰሱ ቆመዋል።

«ጥፋት ግን አለበት» አሉ። «ሰው የታፈነበትን ማርሚታ ቆርጧል።»

«አለበት» አለች ብርኽቲ። «እኔ ጻድቅ ነው አላልኩም። ራሱን አልገደለም ነው ያልኩት።»

«እኔስ ፍትሐት ለጻድቅ ነው መቼ አልኩ?» ወደ ሃረገወይን ዞሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ጠዋት ስትነግሪኝ አልሰማሽም ብዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። የክርስትና ስሙን ንገሪኝ፣ ልጄ። ካህናቱ የሚጠሩት በእሱ ነው።»

ሃረገወይን ወደ ቄሱ ቀረበች።

«ኃይለ ጊዮርጊስ» አለች፤ ሁለት ቀን ከደረቀው ዓይኗም ያኔ እንባ ፈሰሰ።