ያረፉ በሚለው ፎልደር ውስጥ

እኔ እንኳን በሟርትና በዛር በሕልምም የማላምን ሰው ነበርኩ፣ እናቴም «ዐረብ አገር ነው ያበላሸሽ» ትለኛለች፣ እውነት ለመናገር እዚያ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ስሠራ ድረ ገጽ መሥራት በስልኬ ተማርኩ እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ደብረ ታቦር ስመለስ ሥራ የሰጡኝ ብቸኛ ሰው የዕድራችን ዳኛ አያ ሙላት ናቸው፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የተበተኑት አባላት ማን እንዳረፈ በስልካቸው እንዲያዩ ፈልገው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ፋይል ካለ ገጽ አለ፣ ፋይል ከሌለ ገጽ የለም፣ የገጹ አድራሻም የፋይሉ ስም ነው። ሁለት ፎልደር ከፈትኩ፣ «ያሉ» እና «ያረፉ»፣ ሰው ሲሞት ፋይሉን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ነው፣ በቃ፣ እንዲህ የቀለለ ቀብር የለም።

ቅዳሜ ከገበያ መልስ ላሳያቸው ቤታቸው ሄድኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራትም ኔትወርክም የለም፣ ላፕቶፔ የሚሠራው በባትሪው ነው፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

«እስቲ ያረፉትን ክፈችው፣ ቀድሜ ገብቼ እንዳይሆን» ብለው ሳቁ።

«ገና ማንንም አላስገባሁም አያ» ብዬ ከፈትኩት፣ እመኑኝ፣ አንድ ፋይል ተቀምጧል፣ «ኃብተ ኢየሱስ» ይላል። ገጹን ስከፍተው ከስሙ በቀር ነጭ ነው።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አልኩ።

የአያ ሙላት ፊት ዐመድ መሰለ። «ማን ነገረሽ? የክርስትና ስሜን ማን ነገረሽ?»

በእኛ አገር የክርስትና ስም መተተኛ እንዳያገኘው ይደበቃል፣ ካህኑ በሰው ፊት የሚጠራው የስሙ ባለቤት ሞቶ ፍትሐት ሲደረግለት ነው።

«በማርያም፣ እኔ ከየት አውቄው!»

«ሚስቴ እንኳ አታውቀውም! ከነፍስ አባቴ በቀር የሚያውቅ የለም፣ እሳቸው ደግሞ እንኳን ይሄን፣ ስልክ ማንሳትም አይችሉም። ሰርዥኝ!»

«ፋይሉን ነው የምሰርዘው አያ...»

«ማንንም ሰርዢ፣ ብቻ ቶሎ በይ!»

ሰረዝኩት። ገጹ «አልተገኘም» አለ። አያ ሙላት ሦስቴ አማትበው «ተመስገን፣ አልተገኘሁም» አሉ፣ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ። ወዲያው ላፕቶፑ ጢን አለ፣ ፋይሉ ተመልሷል። ደግሜ ሰረዝኩ፣ ጢን። አያ የጠበል ጀሪካን ይዘው ወደ ላፕቶፑ ሲመጡ ግን አቅፌው በዝናብ ሮጥኩ፣ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይደውላሉ። «ገጹ ባዶ ነው?» ይላሉ፣ «ባዶ ነው» ስላቸው መርቀውኝ ቁርሳቸውን ይበላሉ። ዛሬ ስከፍተው ከስሙ ሥር «ያረፉበት ቀን፦» የሚል ተጽፏል፣ ቀጥሎ ምንም የለም። እውነት እላችኋለሁ፣ ፈራሁ፣ ሰውዬውን እወዳቸዋለሁ።

ስልኬ ጠራ።

«ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው አያ።»

ዛሬ አልመረቁኝም፣ ሚስታቸውን «ቁርሱን አንሺው» ሲሉ በስልኩ ሰማሁ።