የጽዋው ተራ

በደርግ ጊዜ በአገሬ በቀየት ማኅበር ያልሆነ ነገር አልነበረም። መሬቱ የገበሬ ማኅበር፣ እናቶቻችን የሴቶች ማኅበር፣ እኛ ጎረምሶቹ የወጣቶች ማኅበር። በየወሩ ደግሞ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የሚካኤልን ማኅበር እንጠጣለን። ቃሉ አንድ ነው፤ አንዱ ሲያስፈራራኝ፣ ሌላው ሲያቅፈኝ ኖረ። የጎዳኝ ግን ያቀፈኝ ነው።

ጥሩሸዋን ያወቅኋት በጋራ እርሻው ላይ ነው። የገበሬ ማኅበሩን ገብስ ልናጭድ ወጥተን፣ ነዶ ሳስር ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ።

«ይኼ ነዶ ነው ወይስ የሰከረ ሰው?»

«አንቺ እሰሪውና እንይሽ!»

አሰረችው። ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ ሰጠችኝ። ስትሰጠኝ ቀና ብላ አየችኝ። ያንን ነዶ ክምሩ ላይ መጨመር አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ለጋራ ሥራ በወጣን ቁጥር አጠገቤ ነበረች። ብዙ አናወራም። እኔ አጭዳለሁ፣ እሷ ነዶዬን ታስራለች።

አባቷ ጋሽ ወልደ ጻድቅ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ፣ አለቃው ማለት ነው፣ ነበሩ። ደጃቸውን ጎረምሳ አይረግጠውም። እኔ ደግሞ ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት እንኳ ሳልደግም የወጣሁ ሰው ነኝ፤ አገሩም ይህን ሲያነሳብኝ ኖሯል።

አባቴ ሲሞት በማኅበሩ ቦታው ባዶ ቀረ። ልግባበት አልኩ። ለነፍሱ ያሰብኩ መስሏቸው መረቁኝ። እኔ የፈለግሁት ተራው ጋሽ ወልደ ጻድቅ ቤት ደርሶ ጥሩሸዋን በቤቷ ማየት ነበር።

ተራው ደረሰ። ከጽዋው እንደ ሁሉም ተጎነጨሁ። ከዚያ ጠላ ልትቀዳ ወጣች። ስታየኝ ጠላውን ከዋንጫው አሳልፋ ጉልበቴ ላይ ቀዳችው።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለች በሹክሹክታ።

«አንቺን ላይ መጣሁ።»

«አንተ ሞኝ! ሽማግሌ ትልካለህ ብዬ ስጠብቅ...» ዓይኗ እንባ ሞላ።

ያን ጊዜም አልገባኝም። የገባኝ ሽማግሌ ስልክ ነው። ጋሽ ወልደ ጻድቅ ሽማግሎቹን አስቀምጠው እኔን አስጠሩኝ።

«ዓምደ ሚካኤል፣ በአንድ ጽዋ አብሮህ የጠጣ ምንህ ነው?»

«ወንድሜ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ የወንድምህን ልጅ ነው የጠየቅኸው። ከጽዋው በፊት መጥተህ ቢሆን፣ የደኻ ልጅ ነህ፣ ትምህርትህም ዳር አልደረሰም፤ ቢሆንም እሰጥህ ነበር።»

ያቺን «ቢሆንም» እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

«ማኅበሩን ብተወውስ?»

«ወንድምነት ይተዋል እንዴ?»

ጥሩሸዋ ተስፋ አልቆረጠችም። «ገበሬ ማኅበር ሄደህ አመልክት፤ በፊርማ ያጋቡናል» አለችኝ። ሊቀመንበሩ ጌጡ ነው። አብረን ፊደል ስንቆጥር አናቴን በኩርኩም ሲለው የኖረ ሰው! ነገሩን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ።

«የእኔ ማኅበር የጽዋ ዘመድ አይቆጥርም። እፈርማለሁ። አንተ ግን እሑድ ስብሰባው ላይ ተነስተህ፣ ወልደ ጻድቅ አድኃሪ ነው፣ በማኅበር ስም ሕዝብ ያሳድማል ትላለህ። በቃ፣ ሚስትህ ናት።»

ያን ጊዜ አድኃሪ የተባለ ሰው ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ታስሮ ይወሰዳል፤ መመለሱን እግዜር ያውቃል።

እሑድ ስሜ ተጠራና ተነሳሁ። ጋሽ ወልደ ጻድቅ የበግ ጠጉር ባናቸውን ደርበው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ጥሩሸዋ ከሴቶች ማኅበር መካከል ታየኛለች። አባቷን አየች፣ እኔን አየች፤ ራሷን ነቀነቀች፣ አትበል።

«በል እንጂ የሚካኤል ወንድም! ምላስህንም ለጽዋው ሰጠኸው?» አለ ጌጡ። ሰው ሳቀ።

«የምለው የለኝም» ብዬ ተቀመጥኩ።

በጥር ወር ጥሩሸዋ ሞላሌ ላለ ሰው ተዳረች። ሠርጉ ላይ አባቷ እጄን ይዘው «የልጅቷ አጎት ነው» ብለው ከዘመድ ጋር አስቀመጡኝ። በላሁ። ጠጣሁ። መርቅ ስባልም መረቅሁ።

ባሏ ዘምቶ ጦርነቱ በላው። አባቷም ሲሞቱ ተመልሳ በማኅበሩ ቦታቸውን ያዘች። የወንድሜ ልጅ ነበረች፤ አሁን ደግሞ እኅቴ ሆነች።

የአባቷ ተራ ሁልጊዜ ከአባቴ ተራ አንድ ቀድሞ ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ ድግሷን ጨርሳ፣ ጽዋውን በነጠላዋ ሸፍና ወደ እኔ ቤት ታመጣለች። ማኅበርተኛው ከኋላዋ ይዘምራል። እኔ ቄጠማ ጎዝጉዤ ደጅ ቆሜ እጠብቃለሁ። ስትደርስ እልልታው ይቀልጣል።

«ተቀበል፣ ወንድሜ።»

«እሺ፣ እኅቴ።»

ስትሰጠኝ ነዶውን እንደሰጠችኝ ዕለት ቀና ብላ ታየኛለች። ከዚያ በእልልታ በገባችበት ደጅ፣ ሳትቀመጥ፣ ተመልሳ ትወጣለች።