ጥርሱ የተሰረዘው ቅድመ አያት

ጨረቃ ላይ አቧራ አይጠረግም፤ ይጠራል። ወለላ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በሸክላ ሰፈር ጣቢያ የጠፈርተኞችን የራስ ቁር መስታወት ስታጸዳ ኖራለች። የጨረቃ አቧራ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ስለት አለው፤ ካሹት ይቧጭራል። ስለዚህ «ጠሪ» የሚሏትን አምባር የምታክል መሣሪያ ያስጠጉበታል፤ እሷም በኤሌክትሪክ ኃይሏ ብናኙን እየሳበች ትሰበስበዋለች።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ጠሪዋን ወደ ቤት ያመጣችው ግን በቤተሰብ ጉዳይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሊጠይቋት ይመጣሉ። ያሳደጓት አጎቷ ጋሼ ማንደፍሮ ደግሞ የቅድመ አያታቸው የአቶ ተገኔ ምስል ግድግዳው ላይ ሳይበራ ሽማግሌ በዚህ በር አይገባም ብለዋል። መብራት ጨረቃ ላይም ይጠፋልና ምስሉ ባለፈው ሳምንት መብራት ሲቋረጥ ከግድግዳው ማህደር አብሮ ጠፍቶ መብራቱ ሲመለስም አልተመለሰም።

አቶ ተገኔን በምስል የማያውቅ ዘመድ የለም። ከንፈራቸው የተገጠመ፣ ግንባራቸው የተቋጠረ፣ ደረቅ ሰው ናቸው። ጋሼ ማንደፍሮ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እሳቸውን ለመምሰል ሲለፉ ኖረዋል፤ ተሳክቶላቸዋልም። ወለላ ግን ስትስቅ ጎረቤት ይሰማል። አጎቷ ያን በሰሙ ቁጥር ወደ ግድግዳው እየጠቆሙ «ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፤ አንቺን ከየት ሳበሽ?» ይሏታል። እንደ ቀልድ ነው የሚሉት። እሷ ግን ወላጆቿን በሕፃንነቷ ያጣች ናትና ነገሩ ያማታል። ዛሬም ሽማግሌዎቹ ፊት እንዳትስቅ አስምለዋታል።

ከምስሉ የቀረው የተቀዳበት ዋናው ፊልም ብቻ ነበር። ስላይድ ይሉታል፤ በካርቶን ፍሬም የተያዘ፣ ብርሃን ሲያሳልፉበት ምስል የሚያሳይ ትንሽ ቁራጭ ነው። ከምድር ከመጣ ጀምሮ ማንም አላጸዳውም፤ ሻጋታና አቧራ ወርሶታል። ወለላ «ገማች» ለሚባለው የቤቱ ማሽን አሳየችው። የገማች ሥራ የተበላሸ ምስል አንብቦ የጎደለውን በግምት መሙላት ነው። አሁን ግን እንቢ አለ። በአዲሱ ደንብ ከግማሽ በላይ የቆሸሸ ምስል አይገመትም፤ መጀመሪያ በእጅ ይጽዳ አለ።

ጋሼ ማንደፍሮ ይኼ ምን ይከብዳል ብለው ስላይዱን አነሡ፤ እንደ መነጽራቸው ተንፍሰውበት በጋቢያቸው ጫፍ ሊወለውሉት ሲሉ ወለላ እጃቸውን ያዘች።

«ጋሼ፣ አንዴ ከተጫረ አቶ ተገኔ የሉም። ሌላ ቅጂ የለንም።»

እሳቸውም ደንግጠው ቁጭ አሉ።

እጇን ታጥባ አደረቀችና የጥጥ ጓንት አጠለቀች። ስላይዱን በጠርዙ ብቻ ይዛ ጠሪዋን ስታስጠጋ ብናኙ እየዘለለ ወጣ። የቀረውን በለስላሳ ብሩሽ አነሳችው። ሻጋታውን በውኃ አልነካችውም፤ ውኃ ምስሉን የያዘውን ስስ ሽፋን አሳብጦ ያበላሸዋል። አየር ማስወጫውን ከፍታ ንጹሕ አልኮል ጥጥ ላይ ጠብ አደረገችና መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞከረች። ቀለሙ አልለቀቀም። ከዚያ የሚያብለጨልጨውን ጀርባ፣ በመጨረሻም ምስሉ ያለበትን ደብዛዛ ፊት ሳትጫን፣ ጥጥ እየለወጠች አጸዳችው። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባት። ጋሼ ማንደፍሮ ሁለት ጊዜ ተነሥተው ሁለት ጊዜ ተቀመጡ።

ሲደርቅ ወደ መብራቱ አነሣችው። ግንባራቸው ታየ፤ አልተቋጠረም። አቶ ተገኔ የሕፃን ቆብ ራሳቸው ላይ ደፍተው፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ ትናጋቸው እስኪታይ ይስቃሉ። ዓይናቸው ከሳቁ ብዛት ጠፍቷል። ወለላ ያን ፊት ታውቀዋለች፤ በየቀኑ መስታወት ውስጥ ታየዋለች።

ጋሼ ማንደፍሮም ተጠግተው አዩ። ከዚያ ያ የግድግዳው ኮስታራ ፊት ከየት እንደ መጣ ገማችን ጠየቁት።

«መዝገቡ እንደሚለው ከእኔ በፊት የነበረው፣ የግድግዳውን ምስል የሠራው የመጀመሪያው ገማች ፊታቸው አልታየውም» አለ ማሽኑ። «በዚያ ዘመን የተነሡ ሌሎች ሰዎችን ሲያይ አብዛኞቹ ኮስታሮች ነበሩ። በሻጋታው መካከል ጥርስ አግኝቶ ነበር፤ ቆሻሻ ነው ብሎ ሰረዘው።»

«ስለዚህ እኔ» አሉ ጋሼ ማንደፍሮ ቀስ ብለው፣ «ሃምሳ ዓመት ሙሉ የማሽን ግምት ስመስል ኖርኩ።»

ወዲያው በሩ ተንኳኳ፤ ሽማግሌዎቹ ናቸው። አጎቷ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እንደ ልማዳቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ወደ በሩ ሄዱ። እጀታውን ከያዙ በኋላ ግን ቆሙና ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ» አሉ፣ «እስቲ አንቺ ቅደሚና ሳቂ፤ እኔ አላውቅበትም።»